በቂም የታተመ ሰላም፤ ስለ መጀመሪያው የዓለም ጦርነት አነሣሥና ስላፈራው ፍሬ

ጦርነት እንደ በረዶ ከሰማይ በድንገት የሚወርድ መቅሠፍት አይደለም፤ በሰው ልብ ተዘርቶ፥ በሰው ምክር በቅሎ፥ በሰው እጅ የሚታጨድ አዝመራ ነው። ሰው ግን ብዙ ጊዜ አጨዳውን አይቶ ያለቅሳል እንጂ ዘሩን ማን እንደ ዘራው አይመረምርም። ቃየን ወንድሙን አቤልን የገደለው በሜዳ ነው፤ የገደለበት ቅናት ግን ወደ ሜዳ ከመውጣቱ አስቀድሞ በልቡ አድሮ ነበር። ሐዋርያው ቅዱስ ያዕቆብም የጦርንና የጠብን ምንጭ ሲመረምር ያገኘው በነገሥታት አደባባይ ሳይሆን በሰው ውስጥ በሚዋጋው ምኞት ነው።

በዚህ ጽሑፍ በ1906 ዓ.ም. ክረምት ተነሥቶ በ1911 ዓ.ም. ኅዳር የቆመውን የመጀመሪያውን የዓለም ጦርነት እንመለከታለን። ዘመኑን ሁሉ የምንቆጥረው እንደ አገራችን አቆጣጠር ነው። ይህን ጦርነት የመረጥንበት ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ ከተዋጉት መንግሥታት የሚበዙት ክርስቲያን ነን የሚሉ፥ አብያተ ክርስቲያናት በየከተማቸው የታነጹላቸው፥ የአንዱን ወንጌል የሚያነቡ ስለ ነበሩ ነው። ሁለተኛው፥ ጦርነቱን የዘጋው ውል ቂምን ሳይነቅል ስለ ተፈረመ፥ ከ20 ዓመት በኋላ ከፊተኛው የሚከፋ ሌላ ጦርነት ስለ ተከተለው ነው። እንግዲህ ለካህንም ለምእመንም የሚሆን ትልቅ ትምህርት በዚህ ውስጥ ይገኛል።

ዘሩ እንዴት ተዘራ

በ1863 ዓ.ም. ጀርመኖች ፈረንሳይን ድል ባደረጉ ጊዜ የጀርመንን ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ያወጁት በራሳቸው ከተማ አልነበረም። የፈረንሳይ ነገሥታት ባሠሩት በቬርሳይ ቤተ መንግሥት፥ የመስታወት አዳራሽ በሚባለው ክፍል ነበር። ቀጥለውም አልሳስ የሚባለውን አገርና የሎሬንን ከፊል ወሰዱ፤ 5 ቢልዮን ፍራንክ ካሣም አስከፈሉ። ገንዘቡ ተከፈለ፤ ውርደቱ ግን አልተረሳም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም እንደሚባለው፥ የፈረንሳይ ልጆች ከ40 ዓመት በላይ ያን አዳራሽና ያን አገር እያሰቡ አደጉ። አንባቢ ሆይ፥ ይህን አዳራሽ በልብህ ያዘው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለንና።

ከዚህም የተነሣ እያንዳንዱ መንግሥት ሌላውን እየፈራ ወዳጅ ይፈልግ ጀመር። ጀርመንና ኦስትሪያ-ሀንጋሪ በ1872 ዓ.ም. ተዋዋሉ፤ በ1874 ዓ.ም. ኢጣልያ ተጨመረች። በዚያኛው ወገን ፈረንሳይና ሩስያ በ1886 ዓ.ም. ቃል ኪዳናቸውን አጸኑ፤ እንግሊዝም በ1896 ዓ.ም. ከፈረንሳይ፥ በ1899 ዓ.ም. ከሩስያ ጋር ተስማማች። ውሎቹ ሁሉ ለሰላም ጥበቃ እንደ ተደረጉ ይነገር ነበር። ነገር ግን ሰላምን የሚጠብቀው ፍርሃት ብቻ ሲሆን፥ አንዱ ሲወድቅ ሁሉን ይዞ እንዲወድቅ እርስ በርሱ እንደ ተሳሰረ አጥር ይሆናል።

ክፉ ጎረቤት ዕቃ ያስገዛል ይባላል። እንግሊዝ በ1898 ዓ.ም. ድሬድኖት የተባለውን ታላቅ የጦር መርከብ ወደ ባሕር ባወረደች ጊዜ ጀርመንም ያንኑ የመሰለ ትሠራ ጀመር፤ እንግሊዝም ያንን አይታ ጨመረች። በየብስም ሠራዊቱ በየዓመቱ ይበዛ ነበር። በ1877 ዓ.ም. በበርሊን በተፈጸመው ጉባኤ አፍሪካን የሚቀራመቱበትን ሥርዓት የደነገጉት መንግሥታትም፥ በሞሮኮ ምክንያት በ1897 ዓ.ም. እና በ1903 ዓ.ም. ለጦር እስከ መተያየት ደርሰው ነበር። በመጨረሻም ኦስትሪያ-ሀንጋሪ በ1901 ዓ.ም. ቦስንያን ወደ ግዛቷ በጨመረች ጊዜ ሰርብያ እጅግ ተቆጣች፤ የሰርብያ ወዳጅ ሩስያም ቂሟን ያዘች። ማገዶው እንዲህ ተከመረ፤ የቀረው እሳት ብቻ ነበር።

ሠላሳ ሰባት ቀን

ሰኔ 21 ቀን 1906 ዓ.ም. የኦስትሪያ-ሀንጋሪ አልጋ ወራሽ ፍራንዝ ፈርዲናንድ ከባለቤታቸው ከሶፊያ ጋር የቦስንያ ከተማ በሆነችው በሳራዬቮ ሲያልፉ፥ ጋቭሪሎ ፕሪንሲፕ የተባለ የ19 ዓመት ጎልማሳ በሽጉጥ ተኩሶ ሁለቱን ገደላቸው። ብዙ ሰዎች የዓለም ጦርነት በዚህ ጥይት መጣ ይላሉ። ነገር ግን ያ ሽጉጥ የገደለው ሁለት ሰው ነው። ሚልዮኖቹን የገደለው ከዚያ በኋላ በነበሩት ሠላሳ ሰባት ቀናት ውስጥ በየቤተ መንግሥቱ የተመከረው ምክር ነው።

የቪየና መንግሥት ከጀርመን የድጋፍ ቃል ከተቀበለ በኋላ፥ ሐምሌ 16 ቀን ለሰርብያ የከበደ ጥያቄ ላከ፤ መልሱንም በ48 ሰዓት ውስጥ እንድትሰጥ አዘዘ። ሰርብያ የሚበዛውን ተቀበለች፤ ሁሉን ግን አልተቀበለችም። ስለዚህ ኦስትሪያ ሐምሌ 21 ቀን ጦርነት ዐወጀች። ሩስያ የክተት ዐዋጅ ነገረች። ጀርመን ሐምሌ 25 ቀን በሩስያ ላይ፥ ሐምሌ 27 ቀን በፈረንሳይ ላይ ዐወጀች። ሐምሌ 28 ቀንም የጀርመን ጦር በጠቡ ውስጥ እጇ ወዳልነበረበት ወደ ቤልጅግ ገባ። የቤልጅግን ገለልተኝነት ለመጠበቅ የጀርመን ፊተኛ መንግሥት ፕሩስያ ራሷ በ1831 ዓ.ም. ፈርማ ነበር። በዚያው ቀን እንግሊዝ ጦርነቱን ገባች።

የሚያስደንቀው፥ ከተዋጉት ነገሥታት ሦስቱ የሥጋ ዘመዳሞች መሆናቸው ነው። የጀርመኑ ንጉሠ ነገሥት ዊልሄልምና የእንግሊዙ ንጉሥ ጆርጅ የንግሥት ቪክቶሪያ የልጅ ልጆች ነበሩ፤ የጆርጅና የሩስያው ንጉሠ ነገሥት የኒኮላስ እናቶች ደግሞ እኅትማማቾች ነበሩ። ዊልሄልምና ኒኮላስ በእነዚያ ቀናት እንኳ በቴሌግራም በወዳጅነት ስም እየተጠራሩ ይጻጻፉ ነበር። የእንግሊዙ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ኤድዋርድ ግሬይ አራት መንግሥታት ተሰብስበው ነገሩን እንዲያዩት አሳሰቡ፤ ኒኮላስም ነገሩ በሄግ ለሚታይ የሽምግልና ዳኝነት እንዲሰጥ ሐምሌ 22 ቀን ለዊልሄልም ጻፉ። ሁለቱም ሳይሆን ቀረ። የጦር አዛዦች የጦሩን ጉዞ በባቡር ሰዓት ልክ አስቀድመው ቆርጠውት ነበርና፥ አንድ ቀን የዘገየ ይሸነፋል ይሉ ነበር።

በአገራችን ሽማግሌዎች ደም በፈሰሰበት ነገር ላይ ሲቀመጡ ከሁሉ አስቀድመው የሚያደርጉት ቀጠሮ መስጠት ነው። ቀጠሮ ቁጣን ያበርዳል፤ የተቆጣው ሰው ከቤቱ ሄዶ ያስባል፤ ካህኑም መስቀሉን ይዞ በመካከል ለመግባት ፋታ ያገኛል። ቁጣ ግን ቀጠሮ አይወድም። በ1906 ዓ.ም. ሐምሌ በአውሮፓ የጠፋው ጥበብ ወይም ሀብት አልነበረም፤ ቀጠሮ የሚሰጥና ቀጠሮው የሚከበርለት ሽማግሌ ነበር።

የአዝመራው ብዛት

በሁሉም አገር ጦሩ በጥቂት ወር ያልቃል የሚል ተስፋ ነበር። ነገር ግን ምድር ተቆፍሮ ሠራዊት በጉድጓድ ምሽግ ውስጥ አራት ዓመት ተቀመጠ። ሚያዝያ 14 ቀን 1907 ዓ.ም. በቤልጅግ በኢፕር አጠገብ የጀርመን ጦር የመርዝ ጋዝ በነፋስ ለቀቀ፤ ሌሎቹም ተከተሉት። ሰኔ 24 ቀን 1908 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በሶም ወንዝ አጠገብ ከእንግሊዝ ሠራዊት ብቻ በአንድ ቀን ከ57,000 የሚበልጥ ሰው ሞተና ቆሰለ፤ ከነዚህ ውስጥ ወደ 19,000 የሚሆነው የሞተ ነው። በምሥራቅ አፍሪካም ስለ ጠቡ ምንም የማያውቁ የአገሩ ተወላጆች ስንቅና ጥይት እየተሸከሙ በረኃብና በበሽታ በብዙ አሥር ሺህ አለቁ።

በጠቅላላው ከ9 ሚልዮን የማያንስ ወታደር ሞተ፤ መሣሪያ ያልያዘውም ሕዝብ በብዙ ሚልዮን ይቆጠራል። ከዚህ ውስጥ በቱርክ መንግሥት ሥር የነበሩ የአርመን ክርስቲያኖች ጥፋት ልብን የሚሰብር ነው። ከ1907 ዓ.ም. ሚያዝያ ጀምሮ ከየቤታቸው ተነቅለው ወደ በረሃ ተነዱ፤ ብዙዎች የታሪክ ጸሐፊዎች የሞቱትን እስከ አንድ ሚልዮንና ከዚያም በላይ ያደርሱታል። የሶርያ ክርስቲያኖችም አብረው ተጨፈጨፉ። እነዚህ ሁለቱ የእኛ አኃት አብያተ ክርስቲያናት ልጆች ናቸው።

አራት ታላላቅ የንጉሠ ነገሥት መንግሥታትም ወደቁ፤ የሩስያ፥ የጀርመን፥ የኦስትሪያ-ሀንጋሪና የቱርክ። በሩስያ በ1910 ዓ.ም. የቤተ ክርስቲያን ጉባኤ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ተቋርጦ የነበረውን ፓትርያርክነት መልሶ ቲኮንን በሾመበት ወራት፥ ሃይማኖትን የሚጠላ መንግሥት ሥልጣን ያዘ፤ ብዙ ጳጳሳት፥ ካህናትና መነኮሳትም ተገደሉ።

ደወሉ መድፍ ሆነ

አሁን ከሁሉ ይልቅ ለቤተ ክርስቲያን ሰዎች ወደሚከብደው ነገር እንመጣለን። በሁለቱም ወገን ካህናት ነበሩ፤ በሁለቱም ወገን ጸሎተ ቅዳሴ ይደርስ ነበር፤ በሁለቱም ወገን ለድል ይጸለይ ነበር። በብዙ የጀርመን ወታደሮች መታጠቂያ ዘለበት ላይ እግዚአብሔር ከእኛ ጋር ነው የሚል ቃል ተቀርጾ ነበር። ይህ የአማኑኤል ስም ትርጓሜ መሆኑን የማያውቅ ክርስቲያን የለም። ነገር ግን በፊት ለፊቱ ያለው ወታደርም በዚያው በአማኑኤል ስም የተጠመቀ ነበር።

ጦሩ እየረዘመ መዳብና ቆርቆሮ ባለቀ ጊዜ፥ በጀርመንና በኦስትሪያ-ሀንጋሪ የአብያተ ክርስቲያናት ደወሎች በብዙ ሺህ ከየማማው እየወረዱ ቀለጡ፤ ለጦር መሣሪያም ተሠሩ። ነቢዩ ኢሳይያስ ሰይፍ ማረሻ እንደሚሆን ተንብዮአል። በዚያ ዘመን ግን ምእመናንን ወደ ጸሎት ይጠራ የነበረው ደወል መድፍ ሆኖ፥ የሌላውን አገር ምእመናን ወደ መቃብር ጠራ።

ይሁን እንጂ የሰላም ድምፅ ፈጽሞ አልጠፋም። የሮማው ፓፓ በነዲክቶስ 15ኛ በ1907 ዓ.ም. ለልደት በዓል ተኩስ እንዲቆም ለመኑ፤ ሐምሌ 25 ቀን 1909 ዓ.ም. ደግሞ ለመንግሥታቱ ሁሉ የሰላም ደብዳቤ ጻፉ። መንግሥታቱ አልሰሟቸውም። በታኅሣሥ 1907 ዓ.ም. ግን አውሮፓውያን ልደትን በሚያከብሩበት ቀን፥ በምዕራቡ የጦር ግንባር በብዙ ስፍራ የእንግሊዝና የጀርመን ወታደሮች ያለ አለቆቻቸው ፈቃድ ከጉድጓዳቸው ወጥተው ሰላምታ ተለዋወጡ፤ ሙታናቸውን ቀበሩ፤ አብረውም ዘመሩ። አለቆቻቸው ዳግመኛ እንዳይደረግ በብርቱ ከለከሉ። እንግዲህ ሰው ጠላቱን በዐይኑ ካየውና ድምፁን ከሰማው፥ ወንድሙ መሆኑን ማወቁ አይቀርም ማለት ነው።

በቂም የታተመው ውል

ኅዳር 2 ቀን 1911 ዓ.ም. በፈረንሳይ በኮምፒየኝ ጫካ፥ በአንድ የባቡር ሠረገላ ውስጥ ጀርመኖች የተኩስ ማቆሚያውን ፈረሙ። የሰላሙም ውል ሰኔ 21 ቀን 1911 ዓ.ም. ተፈረመ፤ የሳራዬቮ ጥይት ከተተኮሰ ልክ አምስት ዓመት መሆኑ ነው። የተፈረመበት ስፍራ የት ይመስላችኋል? ጀርመኖች ከ48 ዓመት በፊት ፈረንሳይን ባዋረዱበት፥ በቬርሳይ በመስታወት አዳራሽ ነው። ስፍራው በአጋጣሚ አልተመረጠም፤ ቂም ቤቱን አይስትምና።

የውሉ 231ኛ አንቀጽ ለደረሰው ጥፋት ሁሉ ጀርመንንና ተባባሪዎቿን ኀላፊ አደረገ። በ1913 ዓ.ም. የተወሰነው ካሣ 132 ቢልዮን የወርቅ ማርክ ነበር። በ1916 ዓ.ም. የጀርመን ገንዘብ ዋጋ ወድቆ፥ ሰው በዕድሜው ያጠራቀመው ገንዘብ የአንድ ዳቦ ዋጋ እንኳ አልሆነም። በዚህ ውርደትና ረኃብ ላይ የ1922 ዓ.ም. የዓለም ንግድ ውድቀት ሲጨመር፥ ቂምን እንደ ምግብ የሚያቀርብ ሰው ሰሚ አገኘ። ጥር 22 ቀን 1925 ዓ.ም. አዶልፍ ሂትለር የመንግሥት መሪ ሆነ፤ ነሐሴ 26 ቀን 1931 ዓ.ም. ሁለተኛውን የዓለም ጦርነት አስነሣ። ሰኔ 15 ቀን 1932 ዓ.ም. ፈረንሳይ በተሸነፈች ጊዜ ሂትለር ያንኑ የባቡር ሠረገላ ከተቀመጠበት ቤት አስወጥቶ፥ ወደ ኮምፒየኝ ጫካ መልሶ፥ ፈረንሳዮችን በዚያው ውስጥ አስፈረማቸው።

የቬርሳይ ውል ብቻውን ሁለተኛውን ጦርነት አመጣ ብንል እውነቱን እናጎድላለን፤ የሂትለርም በደል በማንም ውል አይመካኝም። ነገር ግን አዳራሹ ሁለት ጊዜ፥ ሠረገላውም ሁለት ጊዜ ማገልገሉ የሚያስተምረው አለ። በቂም የታተመ ሰላም የሚቀጥለው ጦርነት ቀጠሮ ነው።

ወደ አገራችን የደረሰው

ኢትዮጵያ በዚያ ጦርነት አልዘመተችም፤ ፍሬው ግን ደረሰባት። ከጦሩ ጋር በዓለም የተሰራጨው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ በ1911 ዓ.ም. አገራችን ገባ፤ አባቶቻችን የኅዳር በሽታ ያሉት ይህ ነው። በአዲስ አበባ ብቻ የሞተው ወደ 10,000 እንደሚጠጋ ይገመታል። በኅዳር 12 ቀን በየደጁ ቆሻሻ የሚቃጠልበት ልማድም የዚያ ዘመን መታሰቢያ ሆኖ ይነገራል።

ዳግመኛም ሚያዝያ 18 ቀን 1907 ዓ.ም. እንግሊዝ፥ ፈረንሳይና ሩስያ ኢጣልያን ወደ ጦርነቱ ለማስገባት በሎንዶን በምስጢር ሲዋዋሉ፥ በአፍሪካ የጀርመንን ግዛት ቢወስዱ ለኢጣልያም ካሣ እንደሚገባት ጽፈው ነበር። ከጦርነቱም በኋላ ኢጣልያ የሚገባኝን አላገኘሁም የሚል ቂም ቋጠረች፤ ይህንም ቂም ሙሶሊኒ መሣሪያ አደረገው። ኢትዮጵያ ከዚያ ጦርነት የተወለደውን የዓለም መንግሥታት ማኅበር መስከረም 17 ቀን 1916 ዓ.ም. አምና ገብታ ነበር። የኢጣልያ ጦር መስከረም 22 ቀን 1928 ዓ.ም. ድንበሯን ባለፈ ጊዜ ግን ማኅበሩ አላዳናትም። በኢፕር የተጀመረውና በ1917 ዓ.ም. በጄኔቭ ውል የተከለከለው የመርዝ ጋዝ በኢትዮጵያ ልጆች ላይ ዘነበ። ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም ሰኔ 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በጄኔቭ ቆመው አቤቱታቸውን አሰሙ። ከዚህ የምንረዳው፥ ምሕረት ማለት ግፍን ዝም ብሎ ማየት እንዳልሆነ ነው። ለተሸናፊው ምሕረትን የነፈገ ሰላም ለደካማውም ፍርድን ነፈገ።

በዚያ ጨለማ ውስጥ ግን ትንሽ መብራት ነበረች። ራስ ተፈሪ በ1916 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ሲሳለሙ በአርመኖች ገዳም ያደጉ 40 ወላጅ አልባ ልጆችን ተቀብለው ወደ አዲስ አበባ አመጧቸው፤ የሙዚቃ ጓድም ሆኑ። አርባ ልጆች የተባሉት እነዚህ ናቸው። መምህራቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን የተዘመረውን የብሔራዊ መዝሙር ዜማ ደረሰ። ጦርነት የበተናቸውን መቀበል ጦርነትን መቃወም ነው።

ቂሙ የተነቀለበት ስፍራ

በፈረንሳይ አገር ሬምስ የሚባል ከተማ አለ። የፈረንሳይ ነገሥታት የተቀቡበትን ታላቅ ካቴድራል የጀርመን መድፍ በመስከረም 1907 ዓ.ም. መትቶ አቃጥሎት ነበር። ከሁለት የዓለም ጦርነት በኋላ፥ ሐምሌ 1 ቀን 1954 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ደ ጎልና የጀርመኑ መሪ አደናወር በዚያው ካቴድራል ውስጥ ጎን ለጎን ቆመው ጸለዩ። በጥር 1955 ዓ.ም. የወዳጅነት ውል ተፈራረሙ። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሕዝቦች አልተዋጉም። የፊተኞቹ ባለ ድሎች ጠላታቸውን ወደ ተዋረዱበት ስፍራ ወሰዱት፤ እነዚህ ግን ወደ ቤተ እግዚአብሔር ወሰዱት። ልዩነቱ ይህ ነው።

አብያተ ክርስቲያናትም ከጥፋቱ ተምረዋል። የቁስጥንጥንያ መንበረ ፓትርያርክ በ1912 ዓ.ም. አብያተ ክርስቲያናት እንዲቀራረቡ ለሁሉም መልእክት ጻፈ። ይህን የመሰለው ጥረት አድጎ በ1940 ዓ.ም. በአምስተርዳም የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ ሲመሠረት፥ ቤተ ክርስቲያናችን ከመሥራቾቹ አንዷ ሆነች።

እንግዲህ ምን እናድርግ

ክቡራን አንባብያን፤ ይህ ሁሉ የነገሥታትና የመንግሥታት ነገር ነው፥ እኛን አይመለከትም የሚል አይኑር። የመስታወቱ አዳራሽ በየመንደራችን አለ። የአባቱን ገዳይ ልጅ የሚጠብቅ፥ የድንበር ጠብን ለልጁ የሚያወርስ፥ ባላጋራውን ባዋረደው ስፍራ ሊያዋርደው የሚመኝ ሁሉ በዚያ አዳራሽ ተቀምጧል። ቂም ይዞ ጸሎት፥ ሳል ይዞ ስርቆት የሚለውን ምሳሌ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል፤ አቡነ ዘበሰማያትን በደገምን ቁጥርም የበደሉንን ይቅር እንደምንል ለእግዚአብሔር ቃል እንሰጣለን።

ስለዚህ ካህን በመጀመሪያው ቀን ይድረስ፤ ሠላሳ ሰባተኛውን ቀን አይጠብቅ። ቁጣ በነደደበት ቤት ቀጠሮ ያሰጥ። የንስሓ ልጁ በዳይ ሲሆን እግዚአብሔር ከአንተ ጋር ነው ብሎ አያሳስተው፤ አንተ ከእግዚአብሔር ጋር ነህን ብሎ ይጠይቀው እንጂ። እርቅም ሲፈጽም እውነቱ ሳይነገር፥ ካሣው ሳይከፈል አይለፈው፤ ካሣው ግን በደልን የሚዘጋ እንጂ ተሸናፊውን ለልጅ ልጅ የሚያስጨንቅ አይሁን። ምእመንም ደወሉ ሲደወል ወደ ምን እንደሚጠራው ያስተውል። ደወል መድፍ የሚሆነው ከማማው ሲወርድ አይደለም፤ የሰሙት ሰዎች ቂማቸውን ይዘው ወደ ቤታቸው የተመለሱ ዕለት ነው።

የሰላም አለቃ ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ ለዓለሙ ሁሉ፥ ለአገራችንም፥ ቂም የሌለበትን ሰላም ይስጥልን፤ አሜን።